የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ዓይነቶችና አጠቃቀማቸው፦ ከሚወረወረው ክብደት ተነስቶ መምረጥ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሦስት ሥራ አለበት። ማባበያውን ወደተፈለገው ቦታ ይወረውራል፤ ዓሣው ሲነክስ መንጠቆውን ይሰካል፤ ዓሣው ሲታገል ደግሞ ድንገተኛውን ጉተታ እየዋጠ ክሩን ከመበጠስ ያድናል። ሦስቱንም እኩል አሳምሮ የሚሠራ ዘንግ የለም። በቀላሉ የሚለመጥ ዘንግ ቀላል ነገር ለመወርወር ይመቻል እንጂ ወፍራም መንጠቆ ለመሰካት አቅም ያንሰዋል። ደረቁ ዘንግ መንጠቆ በደንብ ይሰካል፤ ግን ቀላል ማባበያ አይወረውርም፣ ቀጭን ክርም ያስበጥሳል።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ይሄ ዘንግ ስንት ኪሎ ዓሣ ያወጣል?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለውም። ፍሬኑ (ዓሣው ሲጎትት ክር በልክ የሚለቀው ክፍል) በደንብ የተስተካከለ ሪል፣ ማለትም ክሩ የሚጠመጠምበት መሣሪያ፣ እና የማይቸኩል እጅ ካለ ቀጭን ዘንግም ትልቅ ዓሣ ያወጣል። መነሻው መሆን ያለበት «ስንት ግራም ነው የምወረውረው?» የሚለው ነው። ክብደቱ ከታወቀ ክሩ ይታወቃል፤ ከክሩ የዘንጉ ጉልበት፣ ከጉልበቱ ቀጥሎ አጎባበጡና ርዝመቱ ይከተላሉ። ይህ መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

የዘንጉ ክፍሎች

ከታች ወደ ላይ ስንሄድ መጀመሪያ እጀታው አለ፤ ከቡሽ ወይም ከጠንካራ ስፖንጅ ይሠራል። በእጀታው መካከል ወይም ከፊቱ የሪል መቀመጫው ይገኛል፤ የሪሉን እግር በሚጠብቅ ቀለበት ወይም በብሎን ያስራል። ከእጀታው በላይ ያለው ረጅሙ ክፍል የዘንጉ አካል ነው፤ ውስጡ ክፍት ቱቦ ሆኖ ወደ ጫፍ እየቀጠነ ይሄዳል። በአካሉ ላይ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በክርና በማጣበቂያ ይታሰራሉ፤ የመጨረሻው የጫፍ ቀለበት ይባላል። ዘንጉ ከአንድ በላይ ቁራጭ ከሆነ መገጣጠሚያም አለው።

ከሁሉም በላይ ማየት የሚገባው ቀለበቶቹን ነው። የብዙዎቹ ውስጠኛ ክፍል ሴራሚክ ነው፤ አሉሚኒየም ኦክሳይድ በብዛት ይገኛል፣ ሲሊከን ካርባይድ ደግሞ ይበልጥ ጠንካራና ሙቀት የሚበትን ነው። የቀለበቶቹ ብዛት ርካሹን ዘንግ ከደህናው ይለያል። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቀለበት፣ ከዚያም የጫፉን መጨመር ጥሩ ልማድ ነው። 2.1 ሜትር ዘንግ ላይ አራት ቀለበት ብቻ ካያችሁ፣ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ በቀለበቶቹ መካከል ቀጥ ብሎ ስለሚያቋርጥ ጫናው በጥቂት ቦታ ላይ ይከማቻል።

ከምን ተሠራ?

ቀርከሃ ጥንታዊው ነው፤ ዛሬ ተሰንጥቆ በስድስት ጎን የተጣበቀው የቀርከሃ ዘንግ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ዝንብ እየወረወሩ ለሚያጠምዱ ሰዎች በእጅ ይሠራል። ፋይበርግላስ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተስፋፋ፤ ካርቦን ወይም ግራፋይት የሚባለው ደግሞ በ1970ዎቹ ገበያ ገባ።

ፋይበርግላስ ከበድ ይላል፣ በዝግታ ይለመጣል፣ ቢመታም ቶሎ አይሰበርም። ለጀማሪ፣ ለልጅ፣ ለጀልባ ሥራና በሦስት ጥርስ መንጠቆ ለሚጎተቱ ማባበያዎች ጥሩ ምርጫ ነው። ካርቦን ቀላልና ደረቅ ስለሆነ ትንሿን ንክሻ ወደ እጅ ያደርሳል፤ ግን ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ወይም የጀልባ ጠርዝ ሲመታው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል፤ በሌላ ቀን ትንሽ ዓሣ ላይ ድንገት ይሰበራል። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ዘንግ ለብዙ ሰው የሚበቃ ነው።

አንዳንድ ዘንግ ላይ «30 ቶን»፣ «40 ቶን» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁጥር የካርቦኑን ድርቀት እንጂ ጥንካሬውን አይለካም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘንጉ ቀለል ይላል፣ ያንኑ ያህልም በምት ቶሎ የሚሰበር ይሆናል። ትልቁን ቁጥር በጭፍን መግዛት ስህተት ነው።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ከእጀታው በላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ነገር ይጻፋል፤ ርዝመት፣ ጉልበት፣ አጎባበጥ፣ የሚወረወረው ክብደትና የክሩ ጥንካሬ። ርዝመት በሜትር ወይም በፉት፣ ክብደት በግራም ወይም በአውንስ፣ ክር በኪሎ ወይም በፓውንድ ይሆናል። 1 ፉት 30.5 ሳንቲ ሜትር፣ 1 አውንስ 28 ግራም፣ 1 ፓውንድ 450 ግራም ገደማ ነው።

ጉልበት ዘንጉን ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። አምራቾች የየራሳቸው መለኪያ ስላላቸው የአንዱ «መካከለኛ» ከሌላው ይለያል፤ ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የግራሙን ቁጥር እመኑ። በጥቅሉ ግን እንዲህ ይከፈላል፦

- እጅግ ቀላል፦ ከ1 እስከ 5 ግራም ማባበያ፣ ከ1 እስከ 2.5 ኪሎ ክር
- ቀላል፦ ከ2 እስከ 7 ግራም፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ክር
- መካከለኛ፦ ከ7 እስከ 18 ግራም፣ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ክር
- ከመካከለኛ ከበድ ያለ፦ ከ10 እስከ 28 ግራም፣ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ክር
- ከባድ፦ ከ15 እስከ 55 ግራም፣ ከ7 እስከ 14 ኪሎ ክር

ዘንጉ ምርጥ ሆኖ የሚሠራው በተጻፈው ክልል መካከል ላይ ነው። ከ7 እስከ 18 ግራም የሚል ዘንግ 10 ወይም 12 ግራም ሲወረውር ይደሰታል። 4 ግራም ብታስሩበት ማባበያው ዘንጉን ማጉበጥ ስለማይችል ጥቂት ሜትር ሄዶ ይወድቃል። 40 ግራም ብታስሩበት ደግሞ ዘንጉ ከልክ በላይ ጎብጦ ቶሎ አይመለስም፤ ውርወራው ይሰንፋል፣ ጫፉም ሊሰበር ይችላል።

ስለ ክሩ ቁጥር አንድ ነገር ልብ በሉ። «6 ኪሎ» ማለት ዘንጉ 6 ኪሎ ያነሳል ማለት አይደለም። ይህን ዘንግ ከ6 ኪሎ በማይበልጥ ክር ተጠቀሙ፣ ጫናው ከበዛ ከዘንጉ በፊት ክሩ ይበጠስ ማለት ነው። ቀጭን የተገመደ ክር በውፍረቱ አታሎ 15 ኪሎ የሚችል ሆኖ ቀላል ዘንግ ላይ ከተጠመጠመ፣ መንጠቆው ድንጋይ ሲይዝ የሚሰበረው ዘንጉ ይሆናል።

አጎባበጥ ከጉልበት ጋር የሚምታታው ነው። ጉልበት «በስንት ኃይል ይጎብጣል?» ሲሆን አጎባበጥ «የቱ ጋ ይጎብጣል?» ነው። ፈጣን የሚባለው የላይኛው ሲሶው ብቻ ይጎብጣል። መካከለኛው እስከ ወገቡ ይጎብጣል። ዝግተኛው ከጫፍ እስከ እጀታው አካባቢ ቅስት ይሠራል። ቀላልም ከባድም ዘንግ ፈጣን ወይም ዝግተኛ ሊሆን ይችላል።

ምርጫው የሚወሰነው በመንጠቆው ነው። አንድ ወፍራም መንጠቆ ያለው የፕላስቲክ ትል የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መንጠቆው በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ አጥንታም አፍ መውጋት አለበት፤ ፈጣን ዘንግ ያስፈልጋል። ትናንሽና ቀጫጭን ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ የተንጠለጠለበት፣ ያለማቋረጥ የሚጎተት ማባበያ ከሆነ ግን መካከለኛውን ያዙ። ዓሣው ሲነክስ ዘንጉ ለአፍታ ይለቅለታል፣ ማባበያውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሲወራጭም ቀጭኖቹ ጥርሶች ሥጋውን ቀደው አይወጡም። ዓሣ በተደጋጋሚ እየነከሰ ከሚያመልጣችሁ፣ መንጠቆውን ከመቀየራችሁ በፊት ዘንጉን ጠርጥሩ።

ክሩም እዚህ ውስጥ ይገባል። ተራው ናይለን ክር ሲጎተት ይለጠጣል፣ ስለዚህ የዘንጉን ድርቀት ያለዝባል። የተገመደው ክር አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ፈጣን ዘንግ ከተገመደ ክር ጋር ሲሆን ንክሻን በደንብ ያሰማል፤ ግን የሚለዝብ ነገር ስለሌለ በኃይል የመታ እጅ መንጠቆውን ከአፍ ቀዶ ያወጣዋል። እንዲህ ስትጠቀሙ ዘንጉን መምታት ትታችሁ ክሩን ወጥራችሁ ብቻ ገፋ አድርጉት፤ የሪሉንም ፍሬን ላላ አድርጉ።

ርዝመት

ከ1.8 ሜትር በታች ያለው ዘንግ ለጀልባና ዛፍ ለበዛበት ጠባብ ቦታ ነው፤ ዒላማ ለመምታት ይመቻል። ከ1.95 እስከ 2.2 ሜትር ለሁለገብ ሥራ፣ ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር ከዳርቻ ራቅ አድርጎ ለመወርወር፣ ከ3 ሜትር በላይ ያለው ለባሕር ዳርቻና በተንሳፋፊ (ውኃ ላይ ሆኖ ንክሻን በሚጠቁም ቡሽ) ለማጥመድ ነው። ረጅም ዘንግ በአንድ ስበት ብዙ ክር ስለሚያነሳ ሩቅ ያለ መንጠቆ ይሰካል፣ ክሩንም ከዳርቻው ሣርና ድንጋይ በላይ ይይዛል።

ብዙዎች የማያስቡት ረጅም ዘንግ አጥማጁን እንደሚያደክም ነው። ዘንግ ማንሻ ነው፤ ግን ጥቅሙ ለዓሣው ነው። የፊት እጃችሁ ከጫፉ 1.8 ሜትር፣ ከኋላው እጅ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢሆን፣ ክሩ ላይ 1 ኪሎ ጫና ለመፍጠር የኋላው እጅ ወደ 6 ኪሎ መያዝ አለበት። ርቀቱ 3 ሜትር ሲሆን 10 ኪሎ ይደርሳል። ዘንጉ ሲጎብጥ ርቀቱ ስለሚያጥር እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ግን ልዩነቱ በክንድ ላይ ይታወቃል። ለትልልቅ የባሕር ዓሣ የሚሠሩት ዘንጎች አጭርና ወፍራም የሆኑትም፣ የረጃጅሞቹ እጀታ ከኋላ የረዘመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዓይነቶቹ

ስፒኒንግ ዘንግ። ሪሉም ቀለበቶቹም ከዘንጉ በታች ይንጠለጠላሉ። የሪሉ ጥንጥን፣ ክሩ የተጠቀለለበት ክፍል፣ ሲወረወር አይዞርም፤ ክሩ በጠርዙ እየተፈታ ሰፋፊ ክብ ሠርቶ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀለበት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ያንን ክብ ሰብስቦ ለቀጣዮቹ ቀጥ አድርጎ እንዲያቀብል ነው። ከ2 ግራም ጀምሮ ቀላል ነገር ለመወርወር የሚስተካከለው የለም፤ ለመጀመሪያ ዘንግም ይህንኑ መያዝ ይሻላል። አወራወሩ እንዲህ ነው፦

1. ማባበያው ከጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪንጠለጠል ክሩን ጠምጥሙ።
2. የሪሉን እግር በመካከለኛና በቀለበት ጣት መካከል ያዙ። ክሩን በጠቋሚ ጣት ጫፍ ወደ ዘንጉ አስጠግታችሁ ያዙና ቀስት መሳዩን ሽቦ ክፈቱ።
3. ከኋላችሁ ሰው አለመኖሩን እዩ። ዘንጉን ወደ ላይ አንስታችሁ ከራስ ትንሽ ኋላ አድርሱት፤ ማባበያው ጫፉን ሲያጎብጠው ይሰማችኋል።
4. ወደፊት ገፍታችሁ፣ ዘንጉ በፊታችሁ ከአድማስ 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ባለበት ጣታችሁን ልቀቁ።
5. ማባበያው ውኃ ሊነካ ሲል ክሩን በጣት ነካ አድርጋችሁ አዝግሙት፤ ሽቦውን በእጅ ዝጉት።

ማባበያው ወደ ሰማይ ከወጣ ቀድማችሁ ለቃችኋል፤ እግራችሁ ሥር ከወደቀ ዘግይታችኋል። ክሩ በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ተተብትቦ ከመጣ ደግሞ ጥንጥኑ ከአፉ በላይ ሞልቷል ማለት ነው፤ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እስኪቀር ቁረጡለት። ሽቦውን ሪሉን በማዞር ከመዝጋት ይልቅ በእጅ መዝጋትም ይህንኑ መተብተብ ይቀንሳል።

ካስቲንግ ዘንግ። ሪሉ ከላይ ይቀመጣል፤ ቀለበቶቹም ከላይ ናቸው፣ በስፋት ከስፒኒንጉ ያንሳሉ። ከእጀታው ሥር ለጠቋሚ ጣት የሚሆን ቃታ መሰል ጉብታ አለው። ጥንጥኑ ራሱ እየዞረ ክር ስለሚለቅ ቁጥጥሩ በአውራ ጣት ላይ ነው። ከ10 ግራም በላይ ለሆነ ማባበያ፣ ለወፍራም ክርና ከሣር ውስጥ ጎትቶ ለማውጣት ይመረጣል። ከ7 ግራም በታች ለሆነ ነገር በተራው ካስቲንግ ሪል መድከም አያስፈልግም።

ጀማሪውን የሚያማርረው የማባበያው ፍጥነት እየቀነሰ ጥንጥኑ ግን በፍጥነት መዞሩን ሲቀጥል ክሩ የወፍ ጎጆ መምሰሉ ነው። ከመወርወራችሁ በፊት እንዲህ አስተካክሉት፦ ዘንጉን ከአድማሱ ትይዩ ያዙ፣ መልቀቂያውን ተጫኑና ማባበያው እንዲወርድ ተዉት። ከመዘውሩ በኩል ያለውን ትንሽ ቁልፍ እያጠበቃችሁ ማባበያው በቀስታ እንዲወርድ፣ መሬት ሲነካም ጥንጥኑ ወዲያው እንዲቆም አድርጉ። በሌላው ጎን ያለውን የውርወራ ፍሬን ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። እጃችሁ ሲለምድ በየጊዜው አንድ አንድ ቁጥር ቀንሱ። ማባበያው ውኃ ከመንካቱ በፊት አውራ ጣት ጥንጥኑ ላይ ማረፍ አለበት፤ ይህን የሚተካ ማስተካከያ የለም። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ፍሬኑን መልሳችሁ ጨምሩ።

ሪል የሌለው ረጅም ዘንግ። ክሩ ጫፉ ላይ በቀጥታ ይታሰራል፤ ርዝመቱም ከዘንጉ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከ3 እስከ 6 ሜትር ያሉት በአንድ እጅ ይያዛሉ። ከዳርቻ አቅራቢያ ትናንሽ ዓሣዎችን በተንሳፋፊ ለማጥመድ ፈጣንና ርካሽ መንገድ ነው። ጃፓኖች ቴንካራ የሚሉት የተራራ ወንዝ ዘዴም በዚሁ መርህ ሰው ሠራሽ ዝንብ ይወረውራል። ትልቅ ዓሣ ሲመጣ የሚለቀቅ ክር ስለሌለ፣ መንጠቆው ጋ ያለው አጭር ክር ከዋናው ይልቅ የሳሳ ይሁን፤ ሲበጠስ እዚያ ይበጠስ።

ቴሌስኮፒክ ዘንግ አንዱ ቁራጭ ሌላው ውስጥ እየገባ የሚታጠፍ ነው። ለመያዝ ይመቻል፣ ለጉዞ ይሆናል። ጉድለቱ ቀለበቶቹ በየቁራጩ ጫፍ ላይ ብቻ መቀመጣቸውና በየመገጣጠሚያው አሸዋ መግባቱ ነው። ለተደጋጋሚ ውርወራ የሚፈልግ ሰው ከ4 እስከ 6 ቁራጭ ያለውን የጉዞ ዘንግ ቢገዛ ይሻለዋል።

ፊደር ዘንግ ማባበያን ወለል ላይ አስቀምጦ ለመጠበቅ ነው፤ ከ3.3 እስከ 3.9 ሜትር ይሆናል። ክሩን ወደ ወለል በሚያወርደው እርሳስ (ክብደት) ቦታ ምግብ የሚሞላበት ትንሽ ቅርጫት ይታሰራል። ልዩ የሚያደርገው ጫፉ የሚቀያየር መሆኑ ነው። ዘንጉን መደገፊያ ላይ አስቀምጣችሁ ክሩን ስትወጥሩ ጫፉ ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ዓሣው ሲስብ የበለጠ ይጎብጣል፣ ቅርጫቱን ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ ደግሞ ድንገት ቀጥ ይላል። ሁለቱም ንክሻ ናቸው፤ ሁለተኛውን ብዙ ሰው ያሳልፈዋል። ለረጋ ውኃ ቀጭኑን ጫፍ፣ ለሚፈስ ውኃ ደረቁን ግጠሙ።

የባሕር ዳርቻ ዘንግ ከ3.3 እስከ 4.2 ሜትር ሲሆን ከ85 እስከ 170 ግራም እርሳስ በሁለት እጅ ይወረውራል። እዚህ ላይ ክሩ ቀጭን ሆኖ እንዲርቅ፣ ግን በውርወራው ኃይል እንዳይበጠስ ከፊቱ ወፍራም መሪ ክር ይታሰራል። ደንቡ ለእያንዳንዱ 28 ግራም እርሳስ 4.5 ኪሎ ጥንካሬ ነው፤ 112 ግራም ከሆነ 18 ኪሎ የሚችል ማለት ነው። መሪው ክር የዘንጉን ሁለት እጥፍ ይርዘም፣ በዚያ ላይ ጥንጥኑ ላይ ቢያንስ ስድስት ዙር ይኑረው። ይህን በቸልታ ማለፍ አደገኛ ነው፤ በውርወራ መሐል የተበጠሰ እርሳስ ሰው ሊገድል ይችላል።

የጀልባ ዘንግ ከ1.65 እስከ 2.1 ሜትር፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ወደ ጥልቅ ውኃ ቁልቁል ለመልቀቅ ወይም ጀልባው እየሄደ ማባበያ ለመጎተት ያገለግላል። ጉልበቱ የሚገለጸው በክር ደረጃ ነው፤ የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሚመዘግበው ኢንተርናሽናል ጌም ፊሽ አሶሴሽን የሚጠቀምባቸው 10፣ 15፣ 24፣ 37 እና 60 ኪሎ የተለመዱ ናቸው። በከባዶቹ ላይ ከሴራሚክ ቀለበት ይልቅ የሚሽከረከር ቀለበት ታገኛላችሁ።

የዝንብ ዘንግ ከሁሉም ይለያል፤ እዚህ የሚወረወረው ማባበያው ሳይሆን ክሩ ነው። ሰው ሠራሿ ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ ዘንጉን የሚያጎብጠው ወፍራሙና ከባዱ የዝንብ ክር ነው። ዘንጉም ክሩም ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ የክሩን የመጀመሪያ 9 ሜትር ያህል ክብደት ይገልጻል። ቁጥር 5 ወደ 9 ግራም፣ ቁጥር 8 ወደ 13.6 ግራም ነው። ቁጥር 3 እና 4 ለትንንሽ ጅረቶች፣ 5 እና 6 ለሁለገብ፣ ከ7 እስከ 9 ነፋስ ላለበት፣ ለትልልቅ ዝንብና ለጠንካራ ዓሣ፣ ከ10 በላይ ለትልልቅ የባሕር ዓሣ ይሆናሉ። የዘንጉና የክሩ ቁጥር መመሳሰል አለበት። ለጀማሪ 2.7 ሜትር ቁጥር 5፣ መካከለኛ አጎባበጥ ያለውን ይያዝ። የተለመደው ስህተት ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደፊት መግፋት ነው፤ ክሩ እንደ ጅራፍ ከጮኸ ወይም ዝንቧ ተቆርጣ ከጠፋች ምክንያቱ ይኸው ነው። ወደ ኋላ ከወሰዳችሁ በኋላ ክሩ ቀጥ እስኪል ጠብቁ።

በበረዶ ቀዳዳ ለማጥመድ የሚሆነው ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ መወርወር ስለሌለበት ርዝመት አያስፈልገውም።

ጽሑፉ የጠፋበትን ዘንግ መለካት

አሮጌ ዘንግ አግኝታችሁ ስንት ግራም እንደሚወረውር ካላወቃችሁ፣ ዝግተኛና መካከለኛ አጎባበጥ ላላቸው ረጃጅም ዘንጎች የሚሆን ቀላል መንገድ አለ።

1. ሪሉን ገጥማችሁ ክሩን በሁሉም ቀለበቶች አሳልፉ። እጀታውን ከመሬት ትይዩ አድርጋችሁ ከፍ ባለ ቦታ ሌላ ሰው ይያዝላችሁ።
2. ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከክሩ ጫፍ እሰሩ፣ የሪሉን ፍሬን አጥብቁ።
3. በትንሽ በትንሹ ውኃ ጨምሩ። የዘንጉ ጫፍ በቀጥታ ወደ መሬት ሲያመለክት፣ ማለትም ከእጀታው ጋር 90 ዲግሪ ሲሠራ አቁሙ።
4. ጠርሙሱን መዝኑ፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ነው። ያገኛችሁትን ለ16 አካፍሉ።

1.2 ኪሎ ላይ 90 ዲግሪ ከደረሰ የሚስማማው 75 ግራም አካባቢ ነው። ፈጣን የካርቦን ዘንግ ላይ ይህን አታድርጉ፤ የታችኛው ክፍል ስለማይጎብጥ ጫናው ጫፉ ላይ ተከማችቶ ሊሰብረው ይችላል። በሙከራው ወቅት የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁም ወዲያው አቁሙ።

ማገጣጠምና ፍሬን ማስተካከል

ቁራጮቹን ስትገጥሙ ቀለበቶቹን በ90 ዲግሪ አዛንፋችሁ አስገቡና እየገፋችሁ በማዞር መስመር አስይዟቸው። በቀጥታ ብቻ ከተገፋ በውርወራ ይላላል፣ የላላ መገጣጠሚያም የሴቴውን (ሌላው የሚገባበትን ቁራጭ) ጠርዝ ይሰነጥቃል። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ በእጅ ፈትሹ። ወንዴው (የሚገባው ጫፍ) ላይ ትንሽ ሻማ ማሸት መላላትንም መጣበቅንም ይከላከላል። ከተጣበቀ ዘንጉን ከጉልበታችሁ ኋላ አሳልፉ፣ በሁለት እጅ ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ያዙና ጉልበቶቻችሁን ወደ ውጭ ክፈቱ፤ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሳይጠመዘዝ ይላቀቃል። ቀለበቱን ይዞ መጠምዘዝ ቀለበቱን ከቦታው ይነቅለዋል።

ፍሬኑን ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ባልሞላ ላይ አድርጉት። ክሩ 4 ኪሎ ከሆነ ከ1 እስከ 1.2 ኪሎ ማለት ነው። ክሩን ከመንጠልጠያ ሚዛን ጋር አስራችሁ፣ ዘንጉን 45 ዲግሪ ያህል አንስታችሁ ሌላ ሰው ይጎትት፤ ክር መለቀቅ የሚጀምርበትን ቁጥር አንብቡ። ሪሉን ብቻ ይዞ መለካት ያሳስታል፤ ቀለበቶቹ ላይ ያለው ፍትጊያ ጫናውን ይጨምራል።

ዘንግ ለምን ይሰበራል?

አብዛኛው ዘንግ የሚሰበረው ዓሣው ውኃ ውስጥ ሩቅ እያለ ሳይሆን እግር ሥር ሲደርስ ነው። አጥማጁ ዓሣውን ለማቅረብ ዘንጉን ከትከሻው ኋላ ያነሳል፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ የታችኛው ክፍል ከሥራ ይወጣና መላው ጫና ስስ በሆነው ጫፍ ላይ ይወድቃል። ዘንጉን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ በላይ አታንሱ፤ ዓሣው ሲቀርብ ወደ ኋላ ተራመዱ ወይም መረብ ተጠቀሙ። ሌላ እጅን ከእጀታው በላይ አስጠግቶ አካሉን መያዝም እንዲሁ ከበታች ያለውን ክፍል ከጥቅም ያወጣዋል። ዓሣ በዘንግ ብድግ አድርጎ ከውኃ ማውጣትም አይገባም፤ ውኃ ውስጥ የሚቀለው ዓሣ አየር ላይ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል።

መንጠቆ ድንጋይ ወይም እንጨት ሲይዝ ዘንጉን አታጉብጡ። ጫፉን ወደ መንጠቆው ቀጥ አድርጋችሁ አመልክቱ፣ ጥንጥኑን በእጅ ያዙና ወደ ኋላ ሂዱ። የተገመደ ክር ከሆነ እጅ ላይ አትጠምጥሙት፣ ሥጋ ይቆርጣል፤ አጭር እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ ጎትቱ።

ክሩ ያለ ምክንያት በተመሳሳይ ቦታ ሲላጥ ወይም ሲበጠስ ቀለበት ተሰንጥቋል። ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ አዙራችሁ አሳልፉ፤ ጥጡን የሚይዝ ቀለበት ካለ እሱ ነው። የጫፍ ቀለበት ብቻ ከሆነ በሙቀት የሚለቅ ማጣበቂያ ስላለው ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ የብረት ቱቦውን በቀላሉ አሙቁ፣ ካርቦኑን እሳት አታስነኩት፣ አዲሱንም ከሌሎቹ ቀለበቶች ጋር በመስመር አስተካክሉ።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከኤሌክትሪክ መስመር በታች ረጅም ዘንግ ይዛችሁ አትለፉ፣ አትወርውሩም። ነጎድጓድ ሲሰማ ዘንጉን አስቀምጣችሁ ከውኃው ራቁ።

አያያዝ

ከባሕር ከተመለሳችሁ ዘንጉን በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ በተለይ የቀለበቶቹን እግርና የሪል መቀመጫውን ብሎን። በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨውን ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገፋዋል። ደርቆ ሳያልቅ ቱቦ ወይም ከረጢት ውስጥ አታስገቡት፤ እርጥበት ቫርኒሹን ያሳብጣል፣ ቡሹንም ያሻግታል። ቁራጮቹን ለያይታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ ደግፋችሁ አጋድሙ። ግድግዳ ላይ አዘንብሎ ወራት የቆየ ዘንግ፣ በተለይ ቀርከሃና ፋይበርግላስ፣ ጠምሞ ይቀራል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላል። መንጠቆውን ቀለበት ላይ ከመስካት ይልቅ ከእጀታው በላይ ባለው ትንሽ መያዣ ላይ አንጠልጥሉ፤ መንጠቆው ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።